ጥላ ያማረው ጢማም አበባ

ተረት ተረት ስላችሁ «የአበባ መሬት» በሉኝ።

አይሪስ የሚሉት፣ መሃሉ ላይ ጢም የመሰለ ፀጉር ያለው ጢማም አበባ በአንድ ጓሮ፣ ድንጋይ መሃል፣ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ይኖር ነበር። ጢም እንጂ ልብ አልነበረውምና አንድ ቀን ፍልፈልን ጠራው።

«ስማ አንተ ፍልፈል! ባለ ጢም ፀሐይ ላይ ሲጠበስ የት አየህ? ሽማግሌ የሚቀመጠው ጥላ ሥር ነው። ምንጩ ዳር፣ ዋርካው ሥር ውሰደኝ።»

ጎረቤቱ እንሽላሊት ሳቀች። «ጋሼ፣ ፍየልም እኮ ጢም አላት!»

«ዝም በይ፣ አንቺ ጢም የለሽ!»

ፍልፈል ታዛዥ ነው፤ ነቅሎ ወሰደው። እንዳይበርደው ብሎም እርጥብ አፈር እንደ ጋቢ እስከ አንገቱ ደረበለት። አበባው የተጣላ ሁሉ አስታርቀን ብሎ እስኪመጣ ተኮፍሶ ጠበቀ። የመጣው ግን ትል ብቻ ነው። ፀሐይ የለመደው ሥሩ በእርጥበቱ በሰበሰ፣ ጢሙም ረገፈ።

«ወንድሜ ፍልፈል፣ ጋቢውን ግፈፍልኝ፤ ማለቄ ነው!»

ፍልፈል የተረፈችውን ቁራጭ ሥር ተሸክሞ ድንጋዩ መሃል መለሳት። እንሽላሊት ሮጣ መጥታ አበባው አጠገብ ቆመች።

«እንኳን ደህና መጡ ጋሼ! ሽምግልናው እንዴት ነበር?»

«ጥላሽ አረፈብኝ፤ ዞር በይልኝ!» አላት አበባው።

ተረቴን መልሱ፣ ከጥላው ተነሱ።