የጃርት ጠላና የጉሬዛ ሹመት

ድሮ ነው። ወንዞች ስም ሳይወጣላቸው፣ አራዊት እንደ ሰው አውርተው እንደ ሰው ሲጠጡ፣ በአንድ የት እንደሆነ በማይታወቅ አገር አንዲት ጃርት ነበረች። ጠላ ትጠምቃለች። ከደጇ ረጅም እንጨት ተክላ ጫፉ ላይ ጣሳ ደፍታበታለች። ጣሳው ከታየ ጠላ አለ፣ ጣሳው ከወረደ ጠላ የለም። መንገደኛ ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ አይቶት ያልፍ ነበር።

ጃርት ባሏ ከሞተ ወዲህ ብዙ አታወራም። ደንበኛ ሲገባ በዓይኗ መደቡን ታሳየዋለች። ዋንጫውን ታስይዘዋለች። ከመቅዳቷ በፊት ግን ከማሰሮው ጠብ አድርጋ በመዳፏ ትቀበልና ፉት ትላለች።

«እኔ ጠጥቻለሁ፣ አንተም ጠጣ» ትላለች። በቃ። ሌላ ቃል የላትም። የእናቷም የአያቷም ወግ ይኸው ነው፤ ሻጭ ያልቀመሰውን ጠጪ አይቀምስም።

ጠላዋ ጠላ ነው። አያ ጅቦ ሁለት ዋንጫ ሲጠጣ ይዘፍናል። አህያ ሦስት ሲጠጣ ከጅብ ጋር ትከሻ ለትከሻ መቀመጡን ይረሳል። የሚጠጣ ሁሉ እፍኝ እፍኝ ገብስ ይዞ ይመጣል፣ በዚያው ገብስ ጃርት የሚቀጥለውን ትጠምቃለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ቤቱ ቆመ።

አንድ ቀን ታዲያ እመት ጉሬዛ ከጫካ መጣች። ጥቁር ናት፣ ከትከሻዋ ነጩ ጠጉሯ እንደ መኳንንት ካባ ይወርዳል። ከጃርት ቤት ማዶ፣ ከዋርካው ሥር፣ ጠጅ ቤት ከፈተች። ጠጅ ማር ይፈልጋል፣ ትዕግሥትም ይፈልጋል። እሷ ሁለቱም የላትም። የረግረግ ውሃ ቀዳች፣ በእርድ ቢጫ አደረገችው፣ ጌሾ መውቀጥ ቢሰለቻት በእንቧይ አመረረችው። ከላይ የማር ሰፈፍ ጣል አደረገችበት። ሲያዩት ጠጅ ነው።

መጀመሪያ የመጣው አህያ ነው።

«ይግቡ፣ ግራዝማች» አለችው።

አህያ ማንን ነው ብሎ ወደ ኋላው ዞረ። ማንም የለም። ጆሮውን አቅንቶ ገባ። በብርሌ ቀዳችለት። አህያም እንደለመደው መዳፏን እስክትዘረጋ ጠበቀ።

«በሞቴ፣ እንደ እርስዎ ላለ ጌታ መዳፍ የነካው አይቀርብም» አለችው።

አህያ ደስ አለውና ጨለጠው።

ቀጥሎ ጅብ መጣ። ፊታውራሪ ተባለ። ለእሱም መዳፍ የነካው አይቀርብም ተባለ። ጨለጠ። ከርከሮ መጣ፣ ቀኛዝማች ተባለ፣ ጨለጠ። ከሳምንት በኋላ በዚያ አገር ያልተሾመ አውሬ አልቀረም።

ሆድ ግን ሹመት አያውቅም። ቤታቸው ሲገቡ ቁርጠት ያጣድፋቸዋል። ለማን ይንገሩ? ፊታውራሪ ተብሎ ሆዴን ያለ ማን አለ። እያንዳንዱ የባላገር ሆዴ የጌታ መጠጥ አልለምድ ብሎ ነው እያለ፣ ሌላው ጤነኛ እየመሰለው፣ በማግሥቱ ተመልሶ ይሄዳል።

የጃርት መደብ ባዶ ሆነ። ገብስ የሚያመጣ ጠፋ። የቀራት አንድ ጋን ጠላ ነው። እሱ ከሆመጠጠ የምትጠምቀው የላትም፣ ጣሳው ይወርዳል። ጣሳው የወረደበት ቤት ደግሞ ይፈርሳል፣ ባለቤቱም ዘመድ ፍለጋ አገር ለአገር ይንከራተታል። ጃርት በየጠዋቱ ጋኑን ከፍታ ታሸትታለች። ገና ነው። ነገ ግን ማን ያውቃል።

ያልከዳት አባ ኤሊ ብቻ ናቸው። በማለዳ ከቤታቸው ይነሳሉ፣ ጥላ ሲዞር ይደርሳሉ። ያን ቀንም ደረሱ። ጃርት በመዳፏ ቀምሳ ቀዳችላቸው።

«እኔ ጠጥቻለሁ፣ እርስዎም ይጠጡ።»

ሽማግሌው ፉት ብለው አፋቸውን ጠረጉ። ደንበኞቿ ለምን እንደሄዱ ጠየቋት። ጠጅ ስላለ ነዋ አለች።

«አይደለም ልጄ» አሉ። «አህያ ከተወለደ ጀምሮ የሚሰማው ውጣ ነው። እሷ ግባ አለችው። አንቺ ስትቀጂ እንጂ ስትናገሪ የሰማ የለም።»

ጃርት ወስፌዋ ሁሉ ቆመ። ተቆጥታ ነው። ትንሽ ቆይቶ ተኛ። እውነት ነው።

«እኔ መሾም አልችልም» አለች።

«ማን ሹሚ አለሽ።» አባ ኤሊ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «እኔ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው። ቀስ ብሎ የሚሄድ ከቁጥቋጦ ኋላ ያለውን ያያል። ዛሬ አህያን ሆዱን ይዞ ሲንከባለል አየሁት። ግራዝማችነት ከባድ ነው ይላል።»

ጃርት ነገሩን ስታሰላስል አደረች። ሲነጋ ነጠላዋን አጣፋች። ከተወለደች ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጠጪ ሆና ከሰው ቤት ሄደች።

ከዋርካው ሥር ሹማምንቱ ሁሉ ተደርድረዋል። ጉሬዛ ጃርትን ስታይ ልቧ በደስታ ሞላ፤ ይቺም መጣች፣ አለቀላት ብላ ነው። ወገቧን ሰብራ ተቀበለቻት።

«እመቤቴ ጃርት፣ ምነው ዘገዩ። ከላይ ይቀመጡ።»

ብርሌውን ሞልታ አቀረበችላት። ጃርት አሸተተችው። ጌሾ የለም። ብርሌውን መልሳ ዘረጋችላት።

«እመቤት ነኝ?» አለች።

«እንዴታ። ማን ይጠራጠራል።»

«እመቤት አሳላፊዋ ሳይቀምስላት አትጠጣም።»

ጉሬዛ ሳቀች። እንደ እርስዎ ላለች እመቤት መዳፍ የነካው አይቀርብም ልትል አፏን ስትከፍት ጃርት አላስጨረሰቻትም። በዕድሜዋ ያን ያህል ተናግራ አታውቅም።

«ቅድመ አያቴ ትልቅ ግቢ አሳላፊ ነበረች። ለጌታ የሚቀርብ ሁሉ በመዳፏ ያልፋል፤ ለጌታው ስለሚሳሱ። መዳፍ ያልነካው የሚሰጠው ኖረ ሞተ ለማይባል ነው።»

 አያ ጅቦ ብርሌውን ከአፉ መለሰና አየው።

«እኔን ፊታውራሪ ብለሽኛል» አለ ለጉሬዛ። «እስቲ ቅመሽልኝ።»

«ለግራዝማችም» አለ አህያ።

«ቀኛዝማችስ ሰው አይደለም?» አለ ከርከሮ።

ጉሬዛ ምን ታድርግ። አልቀምስም ብትል ሹመቱ ውሸት ነው፣ ብትቀምስ መጠጡ የራሷ ነው። ከጃርት ብርሌ በመዳፏ ተቀብላ ፉት አለች። ከጅቡ ፉት አለች። ከአህያው ፉት አለች። ሹማ ሹማ ያልሾመችው አልቀረ፤ ሁሉም ብርሌውን ይዞ ተሰልፏል። ሰባተኛው ላይ ሆዷ እንደ ነጋሪት ጮኸ። ካባዋን ሰብስባ ከዋርካው ኋላ ሮጠች። ከዚያ የሚሰማው ማቃሰት ብቻ ሆነ።

አህያ ጆሮውን ጣል አድርጎ አዳመጠ።

«ይቺን ቁርጠት አውቃታለሁ» አለ።

«አንተም?» አለ ጅብ።

«እናንተም?» አለ ከርከሮ።

ተያዩ። ከዚያ ሳቁ፣ ሆዳቸውን እስኪያማቸው። ለካ ሁሉም ለብቻው ሲሰቃይ የኖረ ነው። ሳቁ ሲያልቅ ግን ቁጣ መጣ። አያ ጅቦ እበላታለሁ ብሎ ተነሳ።

«ተቀመጥ» አለችው ጃርት፤ ተቀመጠ።

ከቤቷ ሄዳ ፌጦ ወቅጣ በውሃ በጥብጣ በዋንጫ ይዛ ተመለሰች። ጉሬዛ ከዋርካው ኋላ ተጠቅልላ ወድቃለች። ዋንጫውን ስታይ ፈራች። እኔ ያደረግሁትን ልታደርገኝ ነው ብላ አፏን ገጠመች። ጃርት ከዋንጫው ጠብ አድርጋ በመዳፏ ተቀበለችና ፉት አለች።

«እኔ ጠጥቻለሁ፣ አንቺም ጠጪ።»

ጉሬዛ አለቀሰች። ጠጣች። ከቀትር በኋላ ተሻላት።

ጃርትም ጠጁን ረግረግ መልሺው አለቻት። ደግሞም እኔ የሌለኝ አፍ አንቺ ጋ አለ፣ ከደጄ ቆመሽ እንግዳ ተቀበይልኝ፣ ሹመት ግን እንዳታድይ፣ ሰውን በስሙ ጥሪው አለቻት። ጉሬዛ እሺ አለች።

በማግሥቱ አህያ ገብሱን ይዞ መጣ። አፍሮ ከደጅ ቆመ። ጉሬዛ ልትናገር ስትል ጃርት ቀደመቻት፤ ከጋኑ አጠገብ ብድግ ብላ፣

«ግባ፣ አህያ። ቦታህን ማንም አልተቀመጠበትም» አለችው።

የአህያ ጆሮ ግራዝማች ከተባለበት ዕለት ይልቅ ቆመ። ከኋላው ጅቡ መጣ፣ ከርከሮው መጣ፣ ጥላ ሲዞር ደግሞ አባ ኤሊ ደረሱ። ጋኑ ሳይሆመጥጥ አለቀ፣ ገብሱ ተጠመቀ፣ ጣሳውም ከእንጨቱ ጫፍ ሳይወርድ ኖረ።

እኔ የሰማሁት ይኼን ያህል ነው፤ የቀረውን ጠላው ያውቃል። የዚያ አገር ሰው ግን ዛሬም ዋንጫ ሲቀበል እንዲህ ይላል፦

አፍ ቢያሞግስ፣ መዳፍ ይመስክር።