ሽፋኑ ሳይቃና ጊታሩ አይዘፍንም

ጆሮ ስጡኝ፣ ተረት ልስጣችሁ።

እማዋይሽ የምትባል ዓይን አፋር የኬሚስትሪ መምህርት ነበረች። አባቷ አቶ ወንዳፍራሽ ጡረታ የወጡ የስልክ ጠጋኝ ናቸው። «የእኔ ልጅ ጨዋ ናት፤ ድምጿ እንኳ አይሰማም» እያሉ በሰው ፊት ይኮሩባታል። እሷ ግን ከኮሌጅ ጀምራ፣ እሳቸው ከቤት ሲወጡ ኤሌክትሪክ ጊታር ትጫወታለች፤ ሲመለሱ ከቆርቆሮው ሥር፣ ቆጥ ላይ ትሸሽገዋለች። በበጋው ሙቀት የጊታሩ የደረት ሽፋን፣ ያ ስስ ፕላስቲክ፣ ተጣመመና ክሮቹን ይነካ ጀመር።

አንድ ቀን አንድ ዜማ አማራት።

«ጊታር ሆይ፣ ዝፈንልኝ።»

«ሽፋኔ ካልተቃና አልዘፍንም።»

«ሽፋን ሆይ፣ ተቃና፤ ጊታሩ አልዘፍን አለ።»

«ሙቅ ውኃ ካላለሰለሰኝ አልቃናም። በጉልበት ብትጫኚኝ እሰበራለሁ።»

«ውኃ ሆይ፣ ሽፋኑን አለስልስ፤ ሽፋኑ አልቃና አለ፣ ጊታሩ አልዘፍን አለ።»

«ማግኔቱና ሽቦዎቹ ከጀርባው ተጣብቀው? ብነካቸው አበላሻቸዋለሁ። ካልተነሱ አልነካውም።»

«ሽቦዎች ሆይ፣ ተነሱ፤ ውኃው አልነካ አለ፣ ሽፋኑ አልቃና አለ፣ ጊታሩ አልዘፍን አለ።»

«ብሎኖቹ ካልለቀቁን አንነሳም። ከጎተትሽን እንበጠሳለን።»

ብሎኖቹን በቢላ ጫፍ ልትፈታ ሞከረች። ቢላው አዳለጠ፤ ብሎኖቹ ጮኹ።

«ኧረ በፈጠረሽ! ሽንኩርት ነን እንዴ? ያለ ካቻቪቴ አንላላም!»

ወደ አባቷ የብረት ሳጥን ሄደች። «ካቻቪቴ ሆይ፣ ውጣ፤ ብሎኖቹ አልላላ አሉ፣ ሽቦዎቹ አልነሳ አሉ፣ ውኃው አልነካ አለ፣ ሽፋኑ አልቃና አለ፣ ጊታሩ አልዘፍን አለ።»

«ጌታዬ ካልፈቀዱ አልወጣም። ቁልፉ እሳቸው ኪስ ነው።»

«አባባ፣ ካቻቪቴ ይስጡኝ» አለች አባቷ ከውጭ ሲገቡ።

«ለምንሽ ነው?»

«እ... ለአንድ ነገር።»

«ካልነገርሽኝ አልፈቅድም። እኔ እንደሆነ ጡረተኛ ነኝ፤ የሚያስቸኩለኝ የለም» ብለው ሳጥኑ ላይ ተቀመጡ።

እማዋይሽ በሆዷ ለመነች። «አንደበቴ ሆይ፣ ተናገር፤ አባባ አልፈቅድ አሉ፣ ካቻቪቴው አልወጣ አለ፣ ብሎኖቹ አልላላ አሉ፣ ሽቦዎቹ አልነሳ አሉ፣ ውኃው አልነካ አለ፣ ሽፋኑ አልቃና አለ፣ ጊታሩ አልዘፍን አለ።»

«አፍራለሁ» አለ አንደበቷ።

ከበላያቸው ቆርቆሮው በፀሐይ ተንጣጣ። ጊታሩ ወደ ቆጡ ከተመለሰ ሽፋኑ መሰንጠቁ ነው።

«አባባ፣ ጊታር እጫወታለሁ» አለች መሬት መሬት እያየች። «ከኮሌጅ ጀምሮ። እርስዎን ፈርቼ ቆጥ ላይ ስደብቀው ሙቀት አጣመመው።»

አቶ ወንዳፍራሽ ከሳጥኑ ላይ ብድግ አሉ።

«ሽቦ ያለበትን ዕቃ ከቆርቆሮ ሥር?» አሉ። «ምን ዓይነት ጉድ ነሽ አንቺ! አምጪው በይ!»

አንደበቷ ቢናገር አባት ፈቀዱ፤ አባት ቢፈቅዱ ካቻቪቴው ወጣ፤ ካቻቪቴው ቢወጣ ብሎኖቹ ላሉ፤ ብሎኖቹ ቢላሉ ሽቦዎቹ ሳይበጠሱ ተነሥተው ደረቅ ጨርቅ ላይ ተኙ፤ ሽቦዎቹ ቢነሱ ውኃው ሽፋኑን አለሰለሰ፤ ሽፋኑም በሁለት ጣውላ መሀል እስኪቀዘቅዝ ተጭኖ ተቃና፤ ሽፋኑ ቢቃና፣ ሁሉም በየቦታው ቢመለስ፣ ጊታሩ ዘፈነ!

የጊታሩን ድምፅ ማጉያ የሰኩት አቶ ወንዳፍራሽ ራሳቸው ናቸው። ጎረቤታቸው እትዬ ላቀች ከአጥሩ ወዲያ ተጣሩ።

«ጋሼ፣ ሬዲዮ ገዙ እንዴ?»

«የምን ሬዲዮ! ልጄ ናት እንጂ!»

እማዋይሽ ፊቷ ቀላ፤ እጇ ግን አላቆመም።

ተረቴን የሰማ ጆሮው ይለምልም።