ቡናማ ጥርስ ያለው መፋቂያ ሻጭ

የፊት ጥርሶቼን ራሴ ፍቄ ጨረስኳቸው። በጡብ ዱቄትና በሎሚ ነው። እንዲነጡ ፈልጌ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ አንድ የጥርስ ሐኪም አፌን ከፍቶ አየና «ማነው እንዲህ ያደረገህ?» ሲለኝ «የማውቀው ሰው ነው» አልኩት።

እንዳላደርገው የነገረኝ ሰው ነበር። ጋሽ ይርዳው ይባላል። በከተማችን የባቡር ጣቢያ በር ላይ የወይራና የክትክታ መፋቂያ ይሸጥ ነበር። ዕድሜው አባቴን ያክላል፣ ግን አንቱ የሚለው ሰው አልነበረም። አንቱ ሲሉት ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንደቆመ ያያል። ስለ እሱ ከሚወራው ከፊሉን አይቻለሁ፣ ከፊሉን ሰምቻለሁ። አሁን የትኛው የትኛው እንደሆነ አልለየውም።

አስቀድሞ ስለ ከተማችን ጥርስ መናገር አለብኝ። አገሩ ቆላ ነው፤ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ። የጉድጓዱ ውሃ በልጅነት ጥርስ ውስጥ ይገባና ቡናማ ያደርገዋል። እዚያ ያደገ ሰው ጥርሱ ፀሐይ ላይ የከረመ የሙዝ ልጣጭ ይመስላል። ስለዚህ ስንስቅ አፋችንን በእጃችን እንሸፍናለን። መንገደኛ ሲያየን ጨዋ ሕዝብ ይለናል። ጋሽ ይርዳውም የዚያው ውሃ ልጅ ነው፤ ጥርሱ ከሁላችንም የባሰ ነበር። እሱ ግን አይሸፍንም።

አንድ ቀን በባቡር የሚያልፉ ፊታውራሪ መስኮቱን ዝቅ አድርገው መፋቂያ እንዲያቀብላቸው ጠሩት። እጃቸውን እንደዘረጉ ጥርሱን አዩና እጃቸውን ሰበሰቡ።

«አንተ፣ በዚህ ጥርስህ ነው መፋቂያ የምትሸጠው?»

አሽከሮቻቸው ሳቁ። ጋሽ ይርዳው መፋቂያውን እንደዘረጋ ነው።

«ጌታዬ፣ የሬሳ ሣጥን የሚሸጠው ሰው ሞቶ ነው?»

ባቡሩ ሲነሳ ፊታውራሪው እየፋቁ ነበር ይባላል።

ሌላ ጊዜ የጣቢያው ሚዛን ጠባቂ ከሰሰው። ክረምቱን ሙሉ መፋቂያውን ገዝቶ ቢፍቅም ጥርሱ አልነጣም። አታለለኝ ነው የሚለው። ዳኛው ፈገግታቸውን ማንም አይቶት የማያውቅ ሰው ናቸው። ከሳሹን አፍህን ክፈት አሉት፣ ጎንበስ ብለው አዩ፣ ከዚያ ወደ ጋሽ ይርዳው ዞሩ።

«እውነቱን ነው፤ አልነጣም። ምን ትመልሳለህ?»

«ጌታዬ፣ እርስዎ እዚህ ወንበር ላይ ስንት ዘመን ፈረዱ። ከተማው ውስጥ ሌባ ጠፋ?»

ዳኛው እጃቸውን ወደ አፋቸው ላኩ። ለካ ፈገግታቸው የማይታየው እሳቸውም ከዚያው ጉድጓድ ስለሚጠጡ ነው። እጃቸውን ሳያወርዱ «ታዲያ መፋቂያህ ጥቅሙ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት።

«የበሉትን ያወጣል። የጠጡትን አያወጣም።»

ክሱ በዚያው ቀረ።

ባላምባራስ ጓንጉል የእህል ነጋዴ ነበሩ። እኔ እሳቸው ቤት አሽከር ነበርኩ። እንዴት እንደገባሁ አልናገርም። በዚያ ቤት ምሳ ከቀረ ለእራት ይቆያል፣ እራት ከቀረ ለምሳ ይቆያል፤ የማይቆየው አሽከሩ ብቻ ነው። አንድ የገበያ ቀን ጆንያ ተሸክሜ እከተላቸዋለሁ። ጋሽ ይርዳው ፊት ቆሙና መፋቂያዎቹን አንድ በአንድ አገላብጠው መልሰው አስቀመጡ።

«ከአንተ ሳልገዛ ጥርሴን የማነጣበት ነገር አታውቅም?» አሉት።

«አውቃለሁ። እርስዎ ቤት አሽከር ሆነው ይግቡ። ሥራ ያልነካው ጥርስ አይቆሽሽም።»

ሳቅኩ። ሁለት እጄ ጆንያው ላይ ስለነበረ አፌን አልሸፈንኩም። ባላምባራስ ዞር ብለው ጥርሴን አዩት፤ ለቆጠራ ይመስል በደንብ ነው ያዩት። በማግስቱ ቤትም ሥራም አልነበረኝም። ከጣቢያው የእንጨት መጋዘን ጥግ ማደር ጀመርኩ። ተናድጄ ጋሽ ይርዳው ዘንድ ሄድኩና «በአንተ ቀልድ እንጀራዬን አጣሁ» አልኩት።

«እዚያ ቤት እንጀራ ነበረ እንዴ?»

ይህን ብሎ ምሳውን ለሁለት ቆረሰ። ትልቁን ለራሱ ያዘ። ግን ቆረሰ።

በዚያ ዓመት ጾም ሲገባ ቡፌ የምንለው የጣቢያው ምግብ ቤት ባለቤት፣ ፈረንጁ ሙሴ ስታማቲ፣ አስተናጋጁን አባረረ። ጥብሱ ከኩሽና እስከ ጠረጴዛ ሲሄድ እየቀለለ አስቸግሮት ነው። ከፋሲካ በኋላ አንድ ሰው እቀጥራለሁ፣ ምግብና ማደሪያ አለው፣ ግን ሲስቅ ጥርሱ ነጭ ይሁን አለ። ነጭ ጥርስ ያለው የከተማችን ሰው የለም። ቢሆንም አራት ሆነን ተነሳን። ሁለቱ በአመድና በከሰል ያዙ። እኔ ጡብ ወቅጬ በሎሚ ለወስኩ። ሎሚው ሲያቃጥለኝ እየሠራ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ጋሽ ይርዳው ከጣቢያው የውሃ ታንከር ጀርባ ስፈገፍግ አገኘኝ።

«ተው» አለኝ። «ቀለሙ ከውስጥ ነው። የመፋቂያውን ጫፍ አኝክና አለስልሰው፣ ቀስ ብለህ ፋቅ፣ በንጹሕ ውሃ ተጉመጥመጥ። ይጸዳል። ከዚያ በላይ አይነጣም፤ ድድህን ግን አታጣውም።»

«ገበያህ እንዳይቀዘቅዝ ነው» አልኩት።

«ልጄ፣ ግድግዳ እስኪነጣ ከተፋቀ፣ የሚታየው ጎረቤት ነው።»

ጾሙን ሙሉ ፋቅኩ። እውነቱን ለመናገር ነጣ። ለጥቂት ቀናት የሚያምር ጥርስ ነበረኝ። እጄን ከአፌ አንስቼ መንገድ ለመንገድ ያለ ምክንያት ስስቅ ሰነበትኩ፤ ሰው አበደ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ መጠጣት አቃተኝ። ከዚያ ቆሎ ስበላ አንዱ ተሰንጥቆ ወደቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ለሥራው ከተነሳነው አራተኛው ገርቢ ነው፤ ከሁላችንም ብልጥ ነኝ ይል ነበር። ጥርስ ካልነጣ ድድን ማጥቆር ነው ብሎ የሴቶች ድድ የምትነቅስ አሮጊት ዘንድ ሄደ። ጥቁር ድድ መሃል ሲቀመጥ የማንም ጥርስ ነጭ ይመስላል። ያልታሰበው ነገር የሄደው ሙሴ ስታማቲ ሊያየን በቀጠረን ቀን ዋዜማ መሆኑ ነው። በቀጠሮው ጠዋት ከንፈሩ አብጦ አፉ አልላቀቅ አለ። ጋሽ ይርዳው በጣቱ ፈልቅቆ ወደ ውስጥ አየው።

«ቤቱስ አምሯል። በሩ ነው አልከፈት ያለው።»

ሙሴ ስታማቲ ቡፌው ውስጥ በረድፍ አቆመንና «ሳቅ» አለ። አመድና ከሰል የያዙት ሳቁ። ጥርሳቸው እንደ ድሮው ነው፤ ድዳቸው ይደማል። ገርቢ በዓይኑ ሳቀ። እኔ አፌን ከፈትኩ። ሙሴ ስታማቲ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

«ይሄ ምንድን ነው? ይሄ ነጭ አይደለም፣ ይሄ ባዶ ነው። ውጡ፣ ሁላችሁም።»

አልተንቀሳቀስኩም። የምወጣው ወደ እንጨት መጋዘኑ ነበር፤ እሱም ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ያፈሳል። ጋሽ ይርዳው ለእንግዶች ጥርስ መጎርጎሪያ የሚሆን ቀጫጭን እንጨት አምጥቶ ባንኮኒው ላይ እየደረደረ ነበር። ቀና አላለም።

«ሙሴ፣ ጥብስዎን የማይበላብዎ አስተናጋጅ ከዚህ በላይ ከየት ያገኛሉ?»

ሦስቱ ወጡ። እኔ ቀረሁ።