የወታደር ዱሪ ከስክስ ጫማ

ነገር ሁሉ የተበላሸው መጋቢት አሥራ አንድ ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ፍሉሪን ካሚናዳ ቀኑን ሲናገር ሰዓቱን አስቀርቶ አያውቅም።

በአውሮፓ ተራሮች መካከል አንዲት ትንሽ አገር ነበረች። ጠዋት ከአንዱ ድንበር የተነሣ መንገደኛ ራቱን ከሌላው ድንበር ማዶ ይበላል። ጦሯ ሦስት መቶ ዘጠና ሰው፣ መድፏ ሁለት ብቻ። ለሁለት መቶ ዓመት ጠላት ስላልመጣባት ወታደሮቿን የሚገድላቸው ጥይት አይደለም፤ ናዳ፣ ገደልና በረዶ ነው። ለሞቱት ግን አንድ ደግ ልማድ አላት። በየዓመቱ በሰኔ መባቻ ጦሩ በግቢው ይሰለፋል። ሃምሳ አለቃው የሟቾቹን ስም አንድ በአንድ ይጠራል። ለእያንዳንዱ ስም ያ ሁሉ ሰው ባንድ ድምፅ «አለ!» ይላል። እናቶች ከአጥሩ ሥር ቆመው ይሰማሉ፤ ሰምተውም ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

የፍሉሪን ምኞት ትንሽ ነበረች። የታናሽ ወንድሙ የዱሪ ስም አንድ ጊዜ ተጠርቶ «አለ!» ሲባል መስማት፣ ያቺው ናት።

ፍሉሪን የበረዶን ጠባይ በዩኒቨርሲቲ ያጠና መቶ አለቃ ነበር። ሻለቃ ካስፓር ለውጭ አገር እንግዶች ትርኢት ለማሳየት ሲል ጦሩን በግግር በረዶው ላይ ሊያሻግር ባሰበ ጊዜ፣ ፍሉሪን አንድ ገጽ ማስታወሻ ጽፎ ሰጠው። «መካከሉ ላይ ስንጥቅ አለ፤ የሸፈነው አመዳይ ሰው አይሸከምም» ይላል። ሻለቃው እዚያው ፍሉሪን ፊት አነበበው፤ አጥፎም ጓንቱ ውስጥ ከተተው።

«መቶ አለቃ፣ ዩኒቨርሲቲ የላኩህ ፍርሃት ተምረህ እንድትመጣ ነው እንዴ?» አለና ሳቀ።

በማግስቱ ጠዋት መንገዱን ፈትሽ ተብሎ ከፊት የተላከው ዱሪ ነበር። ቀለል እንዲል ጠመንጃውንና ካፖርቱን አስቀመጠ። ጣቶቹ በብርድ ደርቀው ስለነበር የከስክስ ጫማውን ክር ተንበርክኮ ያሰረለት ፍሉሪን ነው፣ ሁለት ጊዜ ቋጥሮ።

«እማዬን መሰልክ እኮ» አለው ዱሪ። ሄደ። አራት ሰዓት ላይ አመዳዩ ዱሪን ይዞ ስንጥቁ ውስጥ ተናደ።

የምርመራ ሸንጎ ተቀመጠ። ሻለቃው እጁን አንሥቶ «ምንም ማስታወሻ አልደረሰኝም» ብሎ ማለ። ፍሉሪን ውሸታም ተብሎ ከጦሩ ተባረረ።

ሰኔ ደረሰ። ስም ተጠራ፤ የዱሪ ግን አልተጠራም። ፍሉሪን ወደ ሃምሳ አለቃ ባልሰር ሄደ።

«ሃምሳ አለቃ፣ የወንድሜን ስም ጥራልኝ።»

«እኔ የተጻፈ ነው የምጠራ፤ አልተጻፈማ! ወደ ጸሐፊዋ ሂድ።»

ጸሐፊዋ ወይዘሮ ሴሊና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። ፍሉሪን ነገራቸው፤ ሃምሳ አለቃው ስም አልጠራም አለ፤ እርስዎ ይጻፉልኝ።

«የኔ ልጅ፣ ወንድምህ ክሊራንስ አልጨረሰም» አሉት። «ንብረት ያልመለሰ ሰው በደንባችን የሞተ አይባልም፤ ይዞ የጠፋ ነው የሚባል። ወደ ንብረት ክፍል ሂድ።»

ንብረት ክፍሉን የያዘው ክላ የሚባል ቀጭን ሰው ነበር። ፍሉሪን ነገረው፤ ሃምሳ አለቃው ስም አልጠራም አለ፣ ጸሐፊዋ ስም አልጽፍም አሉ፤ አንተ ክሊራንስ ስጠኝ።

ክላ በጣቱ መዝገቡን እየተከተለ አነበበ። «ጠመንጃ፣ ገብቷል። ካፖርት፣ ገብቷል። ከስክስ ጫማ አንድ ጥንድ፣ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት… አልገባም።»

«እግሩ ላይ ነዋ! እግሩ ደግሞ በረዶው ውስጥ!»

«እሱስ ይገባኛል፤ እኔም ልጅ አለኝ። መዝገቡ ግን አይገባውም።»

ፍሉሪን አዲስ ጫማ ገዝቶ አመጣለት። ክላ ገልብጦ ሶሉን አየና መለሰለት። «ቁጥሩ የታለ? ሁለት መቶ አሥራ አራትን አምጣ።»

ፍሉሪን ወደ ተራራው ወጣ። ወደ በረዶው ጎንበስ ብሎ ነገረው፤ ሃምሳ አለቃው ስም አልጠራም አለ፣ ጸሐፊዋ ስም አልጽፍም አሉ፣ ክላ ክሊራንስ አልሰጥም አለ፤ አንተ ጫማውን መልስልኝ።

በረዶው ከሆዱ ውስጥ ጓጎረ። «የያዝኩትን የምለቀው ስቀልጥ ነው። ፀሐይ ካላቀለጠችኝ ምን ላድርግ?»

ለፀሐይ ነገራት፤ ሃምሳ አለቃው ስም አልጠራም አለ፣ ጸሐፊዋ ስም አልጽፍም አሉ፣ ክላ ክሊራንስ አልሰጥም አለ፣ በረዶው ጫማ አልመልስም አለ፤ አንቺ አቅልጪልኝ።

«ደመናው ፊቴ ላይ ተጋድሞ በምን ዓይኔ አይቼ?» አለች ፀሐይ።

ለደመናው ነገረው፤ ሃምሳ አለቃው ስም አልጠራም አለ፣ ጸሐፊዋ ስም አልጽፍም አሉ፣ ክላ ክሊራንስ አልሰጥም አለ፣ በረዶው ጫማ አልመልስም አለ፣ ፀሐይ በረዶ አላቀልጥም አለች፤ አንተ ዞር በልላት።

«እግር የለኝ! የደቡቡ ነፋስ ካልገፋኝ እዚሁ ነኝ» አለ ደመናው።

እንዲህ ሲመላለስ ሃያ ስድስት ዓመት አለፈ። እናቱ በየሰኔው ከአጥሩ ሥር እየቆመች፣ አንድ ሰኔ ላይ ቀረች። ጎረቤቶቿ እስከ መጨረሻው «የከዳው ልጅ እናት» ይሏት ነበር። ፍሉሪን ፀጉሩ ሸበተ። መቶ አርባ አቤቱታ ጻፈ፤ የሁሉንም ቅጂ በአንድ ፋይል ይዞ ይዞራል።

የደቡቡን ነፋስ ያገኘው በተራራው አናት ላይ ተኝቶ ነው። ነገረው፤ ሃምሳ አለቃው ስም አልጠራም አለ፣ ጸሐፊዋ ስም አልጽፍም አሉ፣ ክላ ክሊራንስ አልሰጥም አለ፣ በረዶው ጫማ አልመልስም አለ፣ ፀሐይ በረዶ አላቀልጥም አለች፣ ደመናው ዞር አልልም አለ፤ አንተ ግፋልኝ።

«ለማን ብዬ?» አለ ነፋሱ እየተንጠራራ።

«ለወንድሜ።»

«ስም የለውም?»

ፍሉሪን ፋይሉን ከፍቶ ዘረጋለት። ነፋሱ ወረቀቱን ገለበጠው፣ ደግሞ ገለበጠው።

«እኔ ማንበብ አልችልም» አለ። «ጥራው።»

ፍሉሪን አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። ያን ጊዜ ገባው። ያንን ስም ሃያ ስድስት ዓመት ጻፈው እንጂ፣ ከዚያች ማክሰኞ ወዲህ ጮኾ ጠርቶት አያውቅም። ሌሎቹን ጥሩልኝ እያለ ሲለምን እሱም አልጠራውም። በረዶው ላይ ተንበረከከ።

«ዱሪ!» አለ። «ዱሪዬ! ወንድሜ!»

ሸለቆው ተቀብሎ አስተጋባ። ፍሉሪን እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ነፋሱ ተነሣ። ነፋሱ ደመናውን ገፋ፣ ደመናው ከፀሐይ ፊት ዞር አለ፣ ፀሐይ በረዶውን አቀለጠች፣ በረዶውም በሐምሌ አንድ ቀን ጫማውን መለሰ።

ጫማው ባዶ አልነበረም።

ዱሪ ሃያ ሁለት ዓመቱ ላይ እንዳለ ነው፤ ሽበታም ታላቁ ከአጠገቡ ተቀመጠ። ቋጠሮው አልተፈታም፣ ሁለት ጊዜ እንደታሰረ አለ። ጦሩ የጠየቀው ጫማውን ነውና፣ ያንን በገዛ እጁ ያሰረውን ክር ፍሉሪን በገዛ እጁ ፈታ። እግሩን በሻርፑ ጠቀለለለት፤ እንዳይበርደው።

ክላ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። ሶሉን ገልብጦ አየ። ሁለት መቶ አሥራ አራት። ተነሣ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ማኅተሙን መታ። ክላ ክሊራንስ ሰጠ፣ ጸሐፊዋ ስሙን ጻፉ፣ ሰኔ ሲመለስ ሃምሳ አለቃ ባልሰር ዝርዝሩን ይዞ ወጣ። ድምፁ አርጅቷል፤ ያቺን ስም ግን ያለ የሌለ ኃይሉን አሰባስቦ ጠራት።

«ወታደር ዱሪ ካሚናዳ!»

«አለ!» አሉ ሦስት መቶ ዘጠናው ሰዎች።

ፍሉሪን ሰማ። ከአጥሩ ሥር እናቱ ትቆምበት የነበረውን ቦታ ዞሮ አየ። ሌላ ሴት ቆማበታለች።

ምኞቱ ይህቺው ነበረች፤ ተፈጸመች። እንደ ሌሎቹም ሰምቶ ወደ ቤቱ መሄድ ነበረበት። እግሩ ግን ወደ ፊት ወሰደው፣ በሰልፉ መካከል፣ እስከ ክብር እንግዶቹ ወንበር ድረስ። ሻለቃ ካስፓር ሜዳልያቸውን ደርድረው፣ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል። ጓንት አድርገዋል።

«ሻለቃ ካስፓር!» ብሎ ጠራ ፍሉሪን፣ ልክ እንደ ሃምሳ አለቃው።

ሽማግሌው ጓንታቸውን አዩ፣ መሬቱን አዩ።

«የሞተው ሲጠራ ተመልሶለታል» አለ ፍሉሪን። «እርስዎ በሕይወት አሉ፤ ስምዎንም ጠርቻለሁ። ያንን ማስታወሻ አንብበዋል ወይስ አላነበቡም? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይመልሱልኝ!»