በቃኝ የማያውቀው ኢንዛይም

አንድ ቀን ፕሮፌሰር አምኃ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡ እንግዶችን ቤተ ሙከራቸውን ያስጎበኙ ነበር። «ቤተ ሙከራዬ» የሚሉት እሳቸው ናቸው እንጂ ባክቴሪያዎቹን ዐሥራ ሰባት ዓመት ያሳደጋቸው ቴክኒሻኑ ይርዳው ነው። መብራት ሲጠፋ እንዳይበርዳቸው ብልቃጦቹን በጋቢ ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ያሞቃቸዋል፤ የገዛ ልጆቹን እንዲህ ማቀፉን እንጃ። ፕሮፌሰሩ ደግሞ ውጤቱ ሲደርስ ስማቸውን ይጽፋሉ፤ ያም ድካም አለው። እስካሁን ስልሳ ሁለት ጥናት አሳትመዋል። የዲኑ ስም አለበት፣ የዲኑ ባለቤት ስም እንኳ ሁለቱ ላይ አለ። የይርዳው ስም ግን አንዱም ላይ የለም።

አሁን ስልሳ ሦስተኛው ሊወጣ ነው። ይርዳው የደረጃ ዕድገት የሚያገኘው አንድ ጥናት ላይ ስሙ ከሰፈረ ብቻ ነው፤ አለበለዚያ በያዘው ደረጃ ላይ ሊያረጅ ነው። ሦስት ጊዜ ለምኖ ሦስቴም «እናየዋለን» ተብሏል። ጨነቀውና እንግዶቹ ፊት ለአራተኛ ጊዜ ጠየቀ። ፕሮፌሰሩ ፈገግ ብለው፣ ተመራማሪ ነኝ ካልክ እስቲ ያገኘነውን ለእንግዶቹ አስረዳ አሉት።

ይርዳው ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ጤነኛ ባክቴሪያ ትሪፕቶፋን የሚባለውን ንጥረ ነገር የምትሠራው በኢንዛይም ነው፤ የሠራችው ሲበቃት ኢንዛይሙ ራሱ ሥራውን ያቆማል። የእኛዋ ግን ኢንዛይሟ ተበላሽቷል፤ ሞልቶ ተርፎም በቃኝ አይልም አለ።

እንግዶቹ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ፕሮፌሰሩን ይሄ ደስ አላላቸውም።

«የሰማኸውን ማነብነብ ቀላል ነው» አሉ። «ለመሆኑ አንተ በቃኝ የማይል ኢንዛይም በዓይንህ አይተህ ታውቃለህ?»

«ኢንዛይሙንስ አላየሁም፣ ፕሮፌሰር» አለ ይርዳው። «ስልሳ ሁለት ቦታ ስማቸውን ጽፈው፣ ስልሳ ሦስተኛው ላይ ለሌላ ሰው አንድ መስመር የጠበባቸውን ግን በየቀኑ አያለሁ።»

ጥናቱ በወሩ ወጣ፤ የይርዳው ስም ሁለተኛ ላይ ሰፍሯል። የተበላሸ ኢንዛይምም እንግዳ ፊት ሲሆን ይሻለዋል መሰለኝ።