የጎን ቧንቧው ቁልፍ

ወንዝ አንድ ቀን ቀይ፣ ሌላ ቀን ሰማያዊ ለብሶ በሚወርድበት በአንድ ወቅት፣ ትርሲት የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናቷን አንድ ነገር ጠየቀቻት።

«እማዬ፣ ነገ ምን ቀለም ነው የምትሠሩት?»

እሑድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነበር። እናትየዋ አስካለ በከተማው ዳር ባለው የክር ማቅለሚያ ቤት ነው የምትሠራው። ልጇ ስለ ሥራዋ ጠይቃት ስለማታውቅ ደስ አላት። ምነው፣ ምን አሳሰበሽ አለቻት።

«ነጭ ቀሚሴን የማጥብበትን ቀን ልወቅ ብዬ ነዋ። ወንዝ ዳር ያሉት ሴቶችም እናትሽን ጠይቂልን ብለውኛል።»

አስካለ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ልጅቷ አልወቀሰቻትም። ገበያ መቼ ነው ብላ እንደምትጠይቀው ነው የጠየቀቻት። አስካለን አንገቷን ያስደፋትም ይኸው ነው።

ሥራዋ እንዲህ ነበር። ክሩ ተነክሮ ሲያበቃ ቀለም የጠገበው እጣቢ ወደ አንድ ትልቅ ገንዳ ይወርዳል። ኖራ ተነስንሶበት አንድ ቀን ሙሉ ሲተኛ ቀለሙ ይዘቅጥና የጠራው ወደ ወንዝ ይለቀቃል። ደንቡ ይህ ነው። ሥራ የጠና ዕለት ግን ውሃው የሚተኛበት ጊዜ አያገኝም። ያን ጊዜ የፈረቃው አለቃ በመስኮት ብቅ ይልና «ክፈቺው» ይላታል። አስካለም በሰንሰለት የታሰረውን የጎን ቧንቧ ፈትታ እጣቢውን እንዳለ ወደ ወንዙ ትለቀዋለች። የሰንሰለቱ ቁልፍ ያለው እሷ ጋ ብቻ ነው። ሰባት ዓመት እንዲህ አድርጋለች። ከመክፈቷ በፊት ሁልጊዜ ታማትባለች። ስታማትብ ነገሩ ከእሷ ላይ የሚወርድ ይመስላት ነበር።

ሰኞ ዕለት አለቃው እንደ ልማዱ ብቅ ብሎ ክፈቺው አላት። እጇን ለማማተብ ወደ ግንባሯ አነሣች፤ እጇ እዚያው ቀረ። ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጠረችና ገንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አልከፍትም አላለችም። ቃሉ ከአፏ አልወጣም። ስለዚህ የከፈተች የመሰላቸው ሠራተኞች በርሜላቸውን መድፋት ቀጠሉ፤ ገንዳው ሞላ፤ እጣቢው በመጣበት ቦይ ተመልሶ መጋዘን ገባ። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ለመጫን የተዘጋጀው ነጭ ክር ሁሉ ወይን ጠጅ ሆነ።

አለቃው እየሮጠ መጣ። «አንቺ ሴትዮ፣ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ» አለች።

መጋዘኑ እስኪጸዳና እስኪደርቅ ድረስ ማቅለሚያ ቤቱ ሁለት ሳምንት ተዘጋ፤ ስድሳ ሠራተኛ ቤቱ ዋለ። መንገድ ላይ ያገኟት ሰላም አላሏትም። እሷም አልፈረደችባቸውም። አንዲት ቃል ብትናገር ኖሮ በርሜሎቹ ይቆሙ፣ ክሩም ይተርፍ እንደነበር ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጋሼ ድንበሩ የተባሉ ሽማግሌ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው፣ ከወንዙ በታች ያሉ አትክልተኞችን አስከትለው ወደ ማቅለሚያ ቤቱ በር መጡ። ባለቤቱን አቶ ምናሴን አስጠሩና እግዜር ያጥናችሁ አሏቸው። አቶ ምናሴ ግራ ገባቸው።

«ማን ሞቶ ነው?»

«እኛ ምን እናውቃለን» አሉ ሽማግሌው። «ወንዙ ጠራ። ከሥር ያለው ጠጠር ሳይቀር ታየን። ሰው ካልሞተባችሁማ እንዲህ አይጠራም ብለን፣ ከምንቀር ደርሰን እንምጣ አልን።»

ከኋላ የቆሙት ዘበኞች ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል የአቶ ምናሴን ፊት አይተው ዋጡት። አቶ ምናሴ በማግስቱ ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰቡ። የጎን ቧንቧውን ቁልፍ ከአስካለ ተቀብለው ከፍ አድርገው አሳዩ። እኛ እየሠራን ወንዙ እንደነዚህ ቀናት ጠርቶ እንዲወርድ ላደረገ ሰው ይህን ቁልፍ እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ እሱ ካልፈቀደ እኔም ብሆን አላስከፍትም አሉ። ይህን ያሉት ተጠርተው በመጡት በጋሼ ድንበሩ ፊት ነው፤ ስለዚህ የሚመለስ ቃል አልነበረም።

መካኒኩ ዘርጋው ከወዳደቀ ብረት መሀል አንድ የተጣለ ፓምፕ ጎትቶ አወጣ። ክር ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል፤ የመጨረሻው ልቅላቂ ከንጹሕ ውሃ ብዙም አይለይም። ዘርጋው እሱን በፓምፑ መልሶ ለሚቀጥለው ክር መጀመሪያ ልቅላቂ አደረገው። በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ገንዳው የሚወርደው ውሃ በግማሽ ቀነሰ፤ ገንዳውም የአንድ ቀን እንቅልፉን አገኘ። አቶ ምናሴ ይህን መቼ አሰብከው ቢሉት ሦስት ዓመት አልፎታል አለ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«አንዴ ተናግሬ መፍቻህን ያዝ ተብያለሁ። ከዚያ ወዲያ ማን ጠየቀኝ?»

ውሃው ቢቀንስም ቀለሙ ወፍራም ነበር። ምክንያቱን ቀለም በጥባጭዋ ነጃት ታውቀዋለች። በማቅለሚያ ቤቱ አንድ ልማድ ነበረ፤ አንሶ ተገኘ እንዳይባል ሁሉም አንድ ባልዲ አትርፎ ይበጠብጣል፤ ፈረቃው ሊያልቅ ሲል ደግሞ ትርፉን ማንም ሳያየው ቦይ ውስጥ ይደፋዋል። አንዱ የሌላውን ያውቃል፤ አይናገርም። ነጃት በምሳ ሰዓት በተገለበጠ በርሜል ላይ ወጥታ ቆመች። «ወላሂ ከሁላችሁ በላይ የደፋሁት እኔ ነኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን አልደፋም» አለች። መጀመሪያ ቀለዱባት፤ ሰባኪዋ አሏት። እሷ ግን ትርፉን ክዳን ባለው በርሜል እያጠራቀመች በማግስቱ ጠቆር ላለው ቀለም ማዋሏን አልተወችም። የደፋውን ሰው ስም በር ላይ በተሰቀለ ሰሌዳ ትጽፍ ጀመር። በሳምንቱ የሚደፋ ጠፋ፤ ገንዳው ሲከፈት የሚወርደው ውሃ ሰው ፊቱን የሚያይበት ሆነ። ሆኖም በሰሌዳው ላይ እማማ ወርቄ የተባሉ ጠራጊ ስማቸው ተጽፎ ነበር። የፈሰሰ ቀለም የወለል ውሃ መስሏቸው ነው ወደ ቦዩ የጠረጉት። እሳቸው ፊደል አያውቁም፤ ሌላ ሰው አነበበላቸው። በዚያው ከሥራ ቀሩ። ነጃት ይቅርታ ልትጠይቅ ሦስት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄዳለች፤ አልከፈቱላትም።

ወሩ ሲሞላ ሠራተኛውም የታች ሰዎችም በግቢው ተሰበሰቡ። ግማሹ ዘርጋው አለ፤ ያለ ፓምፑ ገንዳው ይሞላ ነበር። ግማሹ ነጃት አለ፤ ያለ እሷ ፓምፑ የሚመልሰው ቀለም ነበር። በመጨረሻ ነጃት ራሷ እጇን አወጣች።

«እኔም ዘርጋውም የሠራነው እትዬ አስካለ ስለተቀመጠች ነው» አለች። «እሷ ባትቀመጥ ዛሬም እየደፋሁ ነበር።»

ሰዉ ዞሮ አስካለን አያት። ክራችንን ያበላሸችው፣ ሥራ ያስፈታችን እኮ ናት የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። አቶ ምናሴ ወደ ጋሼ ድንበሩ ዞረው እርስዎ ይፍረዱ አሏቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ወዘወዙ።

«እኛ ጠራ ብለን ነው የመጣነው። ማን አጠራው ብለን ከጠየቅን ማን አደፈረሰው ማለታችንም አይቀርም።»

አስካለ ያን ጊዜ ተነሣች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ቧንቧውን ሰባት ዓመት የከፈትኩት እኔ ነኝ። እያማተብኩ ነው የከፈትኩት።»

ሽማግሌው ወደ እሷ ዞሩ። «የማክሰኞ ቀይ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«እኛ ወንዙ ሲቀላ ማክሰኞ መሆኑን እናውቅ ነበር» አሉ። የሳቀ የለም። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ክፈቺው ያላትስ ማነው አለ። የፈረቃው አለቃ አቶ ምናሴን አየ፤ አቶ ምናሴ ጫማቸውን አዩ።

ክርክሩ እስኪመሽ አላለቀም። ቁልፉ በሩ አጠገብ ባለው ምስማር ላይ ተሰቅሎ ነገሩ ለሌላ ቀን ተቀጠረ።

በማግስቱ ጠዋት አስካለ የትርሲትን ነጭ ቀሚስ በጉያዋ ይዛ፣ ልጅቷን አስከትላ ወደ ወንዙ ወረደች። ሰባት ዓመት ሙሉ እዚያ ወርዳ አታውቅም። ሴቶቹ ሲያዩዋት ወደ ልብሳቸው አጎነበሱ፤ ወሬው ቀድሟት ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ሳታያት፣ የራሷን ልብስ እያሸች፣ «ዛሬስ ምን ቀለም ነው?» አለቻት።

«አላውቅም፣ እቴ» አለች አስካለ። «ቁልፉ እኔ ጋ የለም።»

ከዚያ ከሁሉም በታች፣ የሁሉም እጣቢ በሚያልፍበት ቦታ ተንበርክካ የልጇን ቀሚስ ውሃው ውስጥ ነከረችው። ሳታማትብ ነከረችው።

ቁልፉ ዛሬም ምስማሩ ላይ ነው ይባላል። ዘዴውን ሦስት ዓመት ይዞ ዝም ላለው ለዘርጋው፣ ስድሳ ሰው አስተባብራ አንዲት አሮጊት ላስከፋችው ለነጃት፣ ወይስ ሰባት ዓመት ከፍታ አንድ ቀን ላልከፈተችው ለአስካለ? እናንተ ብትሆኑ ለማን ትሰጡት ነበር?