እመቤታችን በመምሬ ይትባረክ ትንፋሽ ያደረገችው ተአምር

የአምላክ እናት ጥላዋ በዚህ በተሰበሰባችሁት ሁሉ ላይ ይረፍ፤ ዛሬ የምነግራችሁ በግራር ውኃ ማርያም ያገለግል ለነበረ ካህን ያደረገችለትን ነውና ጆሮአችሁን ስጡኝ፤ አፍንጫችሁን ግን አትያዙ።

ይህ ካህን መምሬ ይትባረክ ይባል ነበር፤ ከድቁናው ጀምሮ እመቤታችንን ፈጽሞ ይወዳት ነበርና የዕለቱን ውዳሴዋን ሳያደርስ እህል አይቀምስም፤ ጸሎቱንም ሲፈጽም በመቅደሱ ግድግዳ ወዳለችው ሥዕሏ ቀርቦ እግሯን ይሳለም ነበር። በዚህ ልማድ ጸንቶ ሲኖር ግን ክፉ ነገር አገኘው፤ አፉ ይሸት ጀመር። ይህም የጾመኛ አፍ እንደሚሸተው ያለ፣ እህል ሲቀመስ የሚጠፋ ሽታ አልነበረም፤ ቢበላም ቢጠጣም አይለቀውም። ማን ነገረው ትሉ ይሆናል፤ ማንም። ለካህን «አባቴ፣ አፍዎ ይሸታል» የሚል ሰው በሀገራችን ገና አልተወለደም። ነገር ግን መስቀሉን ሲዘረጋ ምእመኑ ትንፋሹን ይዞ ተሳልሞ ሲሸሽ አየ፤ ሴቶቹም ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ከፍ ሲያደርጉ አየ፤ ከዚያም ወዲህ ሰው ለዝንብም ይሁን ለጉንፋን አፍንጫውን በነካ ቁጥር ስለ እርሱ የነካ እየመሰለው ጭንቅ ጥብብ አለው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና እያፈረም ቢሆን መድኃኒት ፍለጋ ተነሣ። ሚስቱ ወይዘሮ እናኑ ጤና አዳምና ጥቁር አዝሙድ ወቅጣ ሰጠችውና አኘከ፤ የገበያው መድኃኒተኛ «ከጥርስ ነው» ብሎ ሁለት መንጋጋ ነቀለለትና ጉንጩ አብጦ ሰነበተ፤ ጎረቤቱ ደግሞ «ከሆድ ነው እንጂ» ብሎ ተልባ አጠጣው፤ ከዚያም ወደ ከተማ ወረደና ሐኪሙ «ምላስዎን ይፋቁ፣ በጨው ውኃ ይጉመጥመጡ፣ ቅርንፉድም በአፍዎ ይያዙ» አለው። የትኛው እንደሚሻል ለመለየት ሚስቱን «እስቲ አሽትቺኝ» ቢላት፣ «ደኅና ነው መምሬ፣ ምንም የለው» ትለዋለች፤ ይህን ስትል ግን ፊቷን ወደ ጓዳ መልሳ ነው። ስለዚህ ይሉኝታ የማያውቅ ዳኛ ፈለገና በቅሎውን አገኘ። መድኃኒቱን በቀያየረ ቁጥር ወደ ጋጣው ይገባና በአፍንጫዋ ላይ እፍ ይላል፤ ለጤና አዳሙ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች፤ ለተነቀለው ጥርስ ጀርባዋን ሰጠችው፤ ለተልባውም ልትነክሰው ቃጣች፤ ለሐኪሙ ጨውና ቅርንፉድ ግን ዝም ብላ ቆመች፤ መምሬም ደስ አለውና አንገቷን አቅፎ ሳማት።

ደስታው ግን አልቆየም፤ የሐኪሙ መድኃኒት የሚረዳው በአፍ ሳለ ነበርና። ለቅዳሴ የሚገባ ካህን ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ እንኳ በአፉ አያዞርም፤ ስለዚህ ሌላውን ቀን የታገሠው ሽታ በመቅደሱ ደጃፍ፣ እጅግ በሚያፍርባት ሰዓት፣ ይጠብቀው ነበር። ከዚያም የእመቤታችንን ሥዕል መሳለም ተወና አፉን በጋቢው ጫፍ ሸፍኖ ከሩቅ ይጸልይ ጀመር። ከሁሉም የከበደው ክርስትና ማንሣት ነበር፤ ካህኑ የተጠመቀውን ሕፃን በሜሮን ከቀባ በኋላ በፊቱ ላይ እፍ ይልበታልና። ይህችን ሰዓት በፈራ ጊዜ «ጉሮሮዬን ይዞኛል» እያለ ለባልንጀራው ለመምሬ ዳምጤ ይተውለት ነበር።

ከዕለታት በአንዱ ማለዳ መምሬ ዳምጤ ከወንዝ ማዶ ለተዝካር ሄዶ ሳለ፣ ወይዘሮ አስካለ የምትባል ሴት የጎረቤቷን የትብለጥን ሕፃን ታቅፋ እየሮጠች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መጣች። ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗ አልደረሰም ነበር፤ ነገር ግን ደረቷ ታፍኖ ትንፋሽ አጥሯት ነበርና ሳትጠመቅ እንዳትሞት ፈሩ። እናቷ ትብለጥ ገና አራስ ስለ ሆነች ወደ ውስጥ መግባት አልተፈቀደላትም፤ በቅጥሩ በር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የልጇን ድምፅ ትጠብቅ ነበር።

መምሬም ሕፃኗን አይቶ «መምሬ ዳምጤ እስኪመጡ ጥቂት ብንታገሥ» አለ።

ወይዘሮ አስካለም «ሞት መምሬ ዳምጤን ይጠብቃል? ልጅቷ እየሄደችብን ነው እኮ፣ መምሬ!» አለችው።

እርሱም አፈረና ጸሎቱን አድርሶ አጠመቃት፤ ሕፃኗ ግን ውኃው ሲነካት እንኳ አላለቀሰችም። ሜሮንም ቀባት፤ ከዚያም እፍ የሚልባት ሰዓት ደረሰችና ቆመ። ምራቁን ቢውጥ አፉ ደርቋል፤ ጨውም ቅርንፉድም ከቤቱ ናቸው። በልቡም «ይህች ትንፋሽ የቸገራት ሕፃን በእኔ ግም ትንፋሽ ብትሞትብኝ በእናቷ ፊት ምን ብዬ እወጣለሁ?» ይል ነበር። ወይዘሮ አስካለ የሕፃኗ ከንፈር ሲጠቁር አይታ ማልቀስ ጀመረች፤ እርሱም አፉን በልብሰ ተክህኖው እጅጌ ሸፍኖ ወደ ሥዕሏ ዘወር አለና «እመቤቴ፣ ምን ላድርግ?» አለ።

ያን ጊዜ ከሥዕሏ እንዲህ የሚል ቃል ሰማ፦ «ይትባረክ ሆይ፣ ከእግሬ ስለ ምን ራቅህ? ልጄን በበረት በወለድሁ ጊዜ ብርድ ነበርና ላምና አህያ በትንፋሻቸው አሞቁልኝ። የላም አፍ ሽቱ ይሸታልን? እኔ ግን አፍንጫዬን አልያዝሁም፤ ልጄ ሞቆት ነበርና። የተሰጠህን ትንፋሽ ስጥ።»

መምሬም እጅጌውን ከአፉ ላይ ጣለና ጎንበስ ብሎ «ንሥኢ መንፈሰ ቅዱሰ» እያለ ከደረቱ ሙሉ እፍ አለባት። ሕፃኗም ፊቷን እንደ አሮጊት አጨማደደች፤ አፍንጫዋን ነፋች፤ ከዚያም አነጠሰች፤ ደግማም አነጠሰችና ደረቷን ዘግቶት የነበረው አክታ ወጣ፤ ጣሪያውን የሚያናውጥ ለቅሶም አለቀሰች።

መምሬም «ይማርሽ!» አላት።

ወይዘሮ አስካለም በሕፃኗ ፈንታ «ያኑርልን፣ መምሬ!» ብላ በጉልበቷ ወደቀች፤ ከቅጥሩ በርም የትብለጥ እልልታ ተሰማ።

ሕፃኗንም ወለተ ማርያም ብለው ሰየሟት፤ እርሱም እያለቀሰ ወደ ሥዕሏ ሄዶ በተሸሸገበት ዘመን ሁሉ ያጎደለውን ያህል እግሯን ሳመ። ከዚያም ወዲህ የሰው አፍንጫ መመልከት ተወ፤ የሐኪሙን ጨው ግን አልተወም፤ እመቤታችን ሐኪም አትንቅምና። ሽታው በዚያች ሰዓት ለቀቀው ወይስ ቀስ ብሎ ሄደ፣ እኔ አልምልም፤ እርሱም አላወቀም። ለበዓለ ትንሣኤ በቅሎዋን ሲጭን ግን አፍንጫዋን ወደ አፉ አስጠግታ ጢሙን ትልስ ጀመር፤ በሽተኛ እንደ ነበረም ያን ጊዜ ትዝ አለውና እየሳቀ እመቤታችንን አመሰገናት።

ለመምሬ ይትባረክ የደረሰች እናት በጭንቃችሁ ትድረስላችሁ፤ ያፈራችሁበትን ገመናችሁን ትሸፍንላችሁ፤ ልጆቻችሁን ታሳድግላችሁ፤ ሁላችንንም የመጨረሻዋ ትንፋሻችን በወጣች ጊዜ ሳትጸየፍ ትቀበለን፤ አሜን።